የዝዝታው ክስ

ጥቅምት 6

ለልጄ ለሽቦ፣

ጤናሽን ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ» እንደምትዪ አውቃለሁና፣ መልሱን እንደደረሰኝ ቆጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። አልታመምኩም። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የስንቅ መኪና ሾፌር «አጎትሽ ከስተዋል» ብሎ አስደንግጦሽ ከሆነ፣ የከሳሁት ከንዴት ነው። ስልክ ለምን አይገዙም ላልሽው ደግሞ፣ አንቺ ያለሽበት ቦታ ኔትወርክ የለው፣ እኔም የስልክ ድምፅ አልወድም። ሰውን ሁሉ በአፍንጫው የሚያናግር ዕቃ ነው።

የሚያናድደኝን ጠይቀሽኛል። ዕድሜዬን ሙሉ በሬዲዮ ጣቢያ የሰውን ድምፅ ሳጠራ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ «ከእንግዲህ ለራሴ እሰማለሁ» ብዬ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁን አመሻሽ ላይ አረፍ ብዬ ሸክላ ሳስቀምጥ፣ ከስፒከሮቹ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ነገር ይመጣል። ሙዚቃው ደመቅ ሲል ይደበቃል፤ ዘፋኟ ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ስትል ብቅ ይላል። እኔ ዝዝታ የሚል ስም አውጥቼለታለሁ።

ከየት እንደሚመጣም ደርሼበታለሁ። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ጩኸት ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። ሞተሩ ኤሌክትሪኩን እያቆሸሸው፣ ቆሻሻው በሽቦ ወጥቶ እኔ ጋ ይደርሳል። ቀን ቀን ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ዝዝታ የለም። ሲመሽ መስፋት ትጀምራለች፣ ዝዝታው ይነሳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ለሕንፃው ኮሚቴ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ክፍሉ የነዋሪው የጋራ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ካመነበት የኪራይ ውሏን አያድስላትም። አንቺ የኤሌክትሪክ ሰው ነሽና «ሞተር ኤሌክትሪክን ያቆሽሻል» የሚል ወረቀት ጻፊልኝ። ማህተም ቢኖረው ደስ ይለኛል።

አጎትሽ
(ሰፈሩ ጋሽ ጆሮ ማለት ጀምሯል፤ እኔም አልጠላሁት)


ጥቅምት 19

ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ፀሐይ ጠቆር ከማድረጓ በቀር ምንም አልሆንኩም። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው ቆሞ ሊያልቅ ነው፤ ሰሞኑን ትራንስፎርመሩን ገጥመን የግቢው ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ከሁሉ በላይ ጮህኩ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና ወረቀቱን አልጻፍኩም። ማህተሙም የለኝም፤ ያለኝ ዘይት የነካው አውራ ጣቴ ነው። ሞተር ኤሌክትሪክን ማወክ ይችላል ወይ ካሉኝ፣ ይችላል። ውስጡ ያረጀ ሞተር ብልጭ ብልጭ እያለ ሽቦው ላይ የሚረጨው ነገር አለ። ግን ደህና አምፕሊፋየር አብዛኛውን ራሱ ይከለክለዋል፤ የእርስዎ ደግሞ ደህና ነው። ወፍራም ገመድና የኤሌክትሪክ ማጣሪያ በውድ ገዝተው «አቤት ለውጡ!» የሚሉ ሰዎች አሉ። የትኛው እንደተሰካ ሳያውቁ ሲሰሙ ብዙዎቹ መለየት ያቅታቸዋል። «ይችላል» ሌላ፣ «አድርጓል» ሌላ ነው። በ«ይችላል» ብቻ ሰው ከመተዳደሪያው አይነሳም።

ስለዚህ እንፈትን። አንድ ሰው ምድር ቤት ይውረድና ሳንቲም እየጣለ፣ በወጣለት መሠረት ሰፊዋን መስፋት ያስጀምራት ወይም ያስቆማት። እርስዎ ላይ ሆነው ዝዝታ አለ ወይም የለም እያሉ ይጻፉ። ሁሉንም ወይም ሁሉንም ለማለት ጥቂት የቀረውን በትክክል ካገኙ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እመሰክራለሁ። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን ግምት ነው።

ከስፒከሩ አካባቢ የተሰኩትን ዕቃዎች ሁሉ ይጻፉልኝ። በነገራችን ላይ ያመጣሁልዎት የጠረጴዛ መብራት እንዴት ነው? ለዓይንዎ ተስማማ?

ልጅዎ ሽቦ


ጥቅምት 30

ለሽቦ፣

እልል በይ! አንድም አልሳትኩም። አንድም!

ፀጉር አስተካካዩን ወዳጄን ወደ ታች ላክሁት። እሱ በየዙሩ ከደረጃው ሥር ያፏጫል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጬ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ዝዝታው በደንብ ይሰማኝ ነበር፣ አንዳንዴ በስሱ፣ አንዳንዴ የጠፋ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ወጥቶ ወረቀቴን ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያይ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጆሮ አይደለም፣ መሣሪያ ነው» አለኝ። እኔም ደረቴ ተነፋ፤ ለምን እዋሻለሁ?

እሑድ ስብሰባ አለ። ወረቀቱን ይዤ እገባለሁ።

ዕቃዎቹን ጻፉልኝ ያልሽው ምን ያደርጋል? ነገሩ ተረጋግጧል። መብራቱ በጣም ግሩም ነው። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ይዘሽ፣ ያን ሁሉ ሱቅ ዞረሽ ያመጣሽው ዕቃ እንዴት አይስማማኝም? ሸክላ ስሰማ መዞሪያውን አዙሬ ብርሃኑን ለስለስ አደርገዋለሁ። የመጣ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል።

ጋሽ ጆሮ


ኅዳር 14

ጋሼ፣

የስንቅ መኪናው ደርሶ ተመለሰ፤ ከእርስዎ አንድም ቃል የለም። ሾፌሩን ብጠይቀው «ደህና ናቸው፣ ብቻ ደብዳቤ አልሰጡኝም» አለና ጎማውን ማየት ጀመረ። እሱ ጎማ የሚያየው የሚደብቀው ነገር ሲኖር ነው። ኮሚቴው ምን አለ?

እስኪነግሩኝ አንድ ነገር ልበል፣ አይቀየሙኝ። አንድም ሳይስቱ? «አንዳንዴ የጠፋ መሰለኝ» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ፀጉር አስተካካዩን ደግሞ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የሰው ጆሮ በመቀስ ቢነካ እንኳ «አምሮብዎታል» የሚል ሰው ነው። ያን ቀን የስፌት መኪናው በትክክል መሥራቱን በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው ነበር?

ሽቦ


ኅዳር 21

ለሽቦ፣

ደህና ነኝ። የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ነበር፣ ተቀየረ። ፎቁ ላይ ያሉት አረጋዊት ልጃቸው መጥታላቸዋለች። እኔ ጉንፋን ቢጤ ነበረብኝ፣ ለቀቀኝ።

ስለ ስብሰባው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ብዙ የሚወራ ነገር የለውም። ሰሞኑን ሸክላም አልሰማሁም።

አጎትሽ


ኅዳር 29

ልጄ፣

ሾፌሩ ሁሉንም ከሕንፃው ዘበኛ ሰምቶ ከነገረሽ ወዲያ መደበቁ ምን ይፈይደኛል? አዎ፣ እንደሰማሽው ነው።

ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። የድምፅን ነገር ለማያውቅ ሰው በሚገባ መንገድ አስረዳሁ፤ ሰዉም በአክብሮት አዳመጠኝ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለችና ፈተናው የተደረገበትን ቀን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ያን ቀን እኮ ጨርቅ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉም ዘበኛው ጋ ነበር» አለች። ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። ፀጉር አስተካካዩን ሁላችንም ዞረን አየነው፤ እሱ ጫማውን ያያል። «በሩን ዝግ ባገኘው ተመልሼ ለመንገር ፊት አጣሁ» አለ። «በጣም ጓጉተው ነበርና።» ደረጃው ሥር ተቀምጦ ሲያፏጭ ቆይቶ፣ የጻፍኩትን ሁሉ ልክ ነው ብሎኝ ነው። ያላሰበልኝ እንዳይመስልሽ! ለኔ ብሎ እኮ ነው ጉድ የሠራኝ።

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ሽቦዬ፣ ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ክሱ ግን አልተሰረዘም። ሰብሳቢው «ቢሆንም ጋሽ ጆሮ ያለ ነገር አይከሱም» አሉ። አንደኛው አባል ደግሞ ያን ክፍል ለዕቃ ማከማቻ ከፈለገው ቆይቷል፤ አጋጣሚውን አገኘ። የሴትየዋ የውል እድሳት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ታግዷል። ከዚያ በኋላ ወይ ይታደሳል ወይ ትወጣለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አትሰጠኝም። ብትሰጠኝ እንኳ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ዝዝታው ግን አሁንም አለ። ሰሞኑን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ጆሮዬ ቢሆንስ? ድምፁ ስፒከሩ ውስጥ ሳይሆን እኔ ውስጥ ቢሆንስ?

በላክሽልኝ አጭር ደብዳቤ ላይ ፈተናውን ልብስ ሰፊዋ ራሷ ታካሂድ ያልሽውን አነበብኩት። ቀልድሽን ነው አይደል?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ጋሼ፣

መጀመሪያ ሳቅኩ። ዋሽቼ ምን ልጠቀም? ድንኳን ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ባልደረቦቼ መጥተው አዩኝ። ከዚያ የጆሮዎትን ነገር ሳነብ ሳቄ ጠፋ።

አልቀለድኩም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ «ተሳስተዋል» ብሎ ፊት ለፊት የሚነግርዎት ማን አለ? ፀጉር አስተካካዩ አይችልም። ዘበኛው አይደፍርም። እኔም ብሆን ስንቴ ጽፌ እሰርዛለሁ፤ ያሳደጉኝ ሰው ነዎት። የቀረችው እሷ ናት። አንዲት ነጥብ እንኳ በነጻ አትሰጥዎትም። እሷ «ልክ ነዎት» ካለች ልክ ነዎት፤ «ተሳስተዋል» ካለችም መተዳደሪያዋ ይተርፋል።

ጆሮውንም በዚያው እንለየዋለን። ፈተናው ሲያልቅ ወጥታ ትስማ። ለእሷም ከተሰማት የእርስዎ ጆሮ አይደለም።

ሄደው በሯን ያንኳኩ። እባክዎ።

ሽቦ


ታኅሣሥ 12

ለሽቦ፣

አንኳኳሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የሄድኩት። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ነበር፤ እሱን እስክታወጣ የጠበቅኩትን ያህል በሕይወቴ ጠብቄ አላውቅም። የመጣሁበትን ስነግራት «እኔ ሳንቲም አልጥልም» አለች። ከአዝራር ሣጥኗ ጥቁርና ነጭ አዝራር እኩል ቆጥራ ከረጢት ውስጥ ጨመረች። ሳታይ ትመዛለች፣ ጥቁር ከሆነ ትሰፋለች፣ ነጭ ከሆነ ትተዋለች። ዘበኛው ምኑንም ሳያውቅ ደረጃው ላይ ቆሞ «አሁን!» ይላል። የወጣውን አዝራር በቅደም ተከተል ክር ላይ ትሰካዋለች፤ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። ሬዲዮ ጣቢያ እንዲህ ያለ ሰው አንድ እንኳ ቢኖረን ኖሮ!

ሲያልቅ ሴትየዋ አዝራር የተሰካበትን ክር ይዘው መጡ፣ ከወረቀቴ ጋር እያስተያዩ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ግማሹን አግኝቻለሁ፣ ግማሹን ስቻለሁ። አንዷን «ይቺ እንኳ አጠራጣሪ ናት» ብዬ ልከራከር ስል፣ «አጠራጣሪ አዝራር የለም» አሉኝ። ዘበኛው ሳቁን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረ። የእሳቸው ሞተር ነጻ ነው፣ ሽቦዬ። እኔ ስሰማው የነበረው ሲሰፉም ሳይሰፉም ያለ ድምፅ ነው።

ከዚያ እንደነገርሽኝ እንዲሰሙልኝ ጠየቅኳቸው። ስፒከሩ አጠገብ ቁጭ አሉ፣ ጎንበስ ብለው ሰሙ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዝዝዝ ይላል» አሉ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬ አልሄደም!

ምንጩም እዚያው ተገኘ። ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ዝርዝሩ አስፈላጊ አይደለም። ዝም አሰኝተነዋል።

ኮሚቴው ጋ ገና አልሄድኩም። ሰብሳቢው «ታዲያ ምን ነበር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እስኪ ትንሽ ላስብበት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 18

ጋሼ፣

በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሴትየዋ «እሳቸው» ሆነዋል። ይህን አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ሌላውን ግን አላልፍም። «ትንሽ ነገር» ብለው ያለፉትን። ዕቃዎቹን ይጻፉልኝ ብዬ ጠይቄዎት አልጻፉልኝም። አመሻሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ። ሸክላ ሲሰሙ መዞሪያውን አዙረው ብርሃኑን ለስለስ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ መዞሪያ ብርሃን የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩን በየቅጽበቱ እየቆራረጠ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ያንን ቁርጥራጭ ወደ ሽቦው ይመልሰዋል። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ የማስተምር እኔ ነኝ። የገዛሁትም እኔ ነኝ።

መብራቱ ነው፤ አይደለም?

ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ወይም ተዉት፣ እኔው ልንገርዎት። ባበሩት ቀን ጠርጥረዋል። ከዚያ «ልጅቷ በመጀመሪያ ደመወዟ ያመጣችው» ብለው ሐሳቡን ከራስዎ ላይ አባረሩት። ድምፁ ግን ባለቤት ያስፈልገው ነበርና ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ፀጉር አስተካካዩን «ፊት አጣሁ አለ» ብለው ተቀየሙት። እርስዎስ ለእኔ ፊት አጥተው ሰው ከቦታው ሊያስነሱ አልነበረም?

ተናድጃለሁ፣ ጋሼ። በእርስዎ ተናድጄ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጻፍም አላውቅበትም። ስንት ወር ሙሉ የማይወዱትን ድምፅ እየሰሙ፣ እየከሱ፣ መብራቴን ለእንግዳ ሲያሳዩ መክረምዎን ሳስብ ደግሞ እንባዬ ይመጣል። መብራት ነው እኮ! «ልጄ፣ ይህ ነገር ይጮሃል» ቢሉኝ ስቄ እቀይረው ነበር። ከእንግዲህ እኔ የምሰጥዎት ነገር ሲጮህ ይንገሩኝ። ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ይህን ነው።

መዞሪያውን አስወጥተው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገቡለት፤ ያኔ እየበራም ዝም ይላል። ኮሚቴው ጋ ሄደው ደግሞ «የእህቴ ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ፣ የገዛችልኝ መብራት ነው» ይበሉ። ይሳቁብኝ። ታኅሣሥ ሊያልቅ ነው።

ሽቦ


ጥር 2

ሽቦዬ፣

እንዳልሽው ባበራሁት ቀን ነው። አንቺ ገና በር ላይ ጫማሽን እያሰርሽ ነበር። ሰማሁት፣ ቀና ብዬ አየሁሽ፣ በጣም ደስ ብሎሽ ነበር። ይቅር በዪኝ። ከእንግዲህ የጮኸ ነገር ሁሉ ይነገርሻል፤ ለመጀመር ያህል፣ ባለፈው የላክሽልኝ ሹራብ አንገቴን ይበላኛል።

ታኅሣሥ ሳያልቅ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ደብዳቤሽን አላነበብኩላቸውም፣ በቃሌ ነገርኳቸው። ዕቃ ማከማቻ የሚፈልገው አባል «ጋሽ ጆሮ፣ ለሴትዮዋ አዝነው ነው እንጂ…» ብሎ ሊያለሳልስልኝ ሞከረ። ሰው ሁሉ ለኔ ሲያዝን እንዴት ይታክታል! «ከሳሹ እኔ ነበርኩ፣ ተሳስቼ ነው። ድምፁ ከገዛ ጠረጴዛዬ ነው የሚመጣው። የእህቴ ልጅ የገዛችልኝ መብራት ነው» አልኩ። ሳቁብን፤ ባንቺም በኔም። ሰብሳቢው ማመልከቻዬን መልሰው ሰጡኝና የልብስ ሰፊዋን ውል ፈረሙ። ፀጉር አስተካካዩም ከኋላ ሆኖ፣ ይህን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ፀጉርዎ በግራ በኩል ጠሟል፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለኝ። ታርቀናል።

ልብስ ሰፊዋ አላመሰገኑኝም፤ ማመስገንም አልነበረባቸውም። በማግስቱ ግን በሬ ተንኳኳ። «ያ ሁሉ ጣጣ የመጣበትን ሙዚቃ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አልሰማሁትም» አሉ። ደረጃ መውጣት ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ስላወቅኩ፣ ማጫወቻውን፣ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሮቹን በዘበኛው ትከሻ አወረድኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት አንድ ብቻ ነው። ከስፌት መኪናቸው ጎን ሰካሁት።

እሳቸው እየሰፉ እኔ ሸክላ አስቀመጥኩ። መኪናው ሲሮጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ መቀስ ይንኳኳል፣ ጨርቅ ይቀደዳል፤ ከሙዚቃው ግማሹ አይሰማም። ዘፋኟ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን መኪናው በድንገት ቆመ። ዞር ብዬ ሳያቸው፣ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንስተው እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ይጠብቁኛል።

«ለምን አቆሙ?» አልኳቸው።

«እርስዎ የሚወዱት ዝም ሲል አይደል?» አሉ።

«ይስፉ» አልኳቸው።

አጎትሽ